ብረቱ መቼ ይወጣል?

ወገቤ ውስጥ ብረት እንዳለ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "መቼ ያወጡልሃል?" እናቴ ትጠይቀኛለች። የዕድራችን ጸሐፊ ይጠይቀኛል። ባጃጁን ሊያሠራ የመጣው ልጅም ሒሳብ ሳይከፍል በፊት ይጠይቀኛል። "አይወጣም" ስላቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። ዕድሜ ልኬን በብረት ተደግፌ የምኖር ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እኔን ይዞ ያቆመኝ ብረቱ ሳይሆን አጥንቴ ነው። ቆሜ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ በሰፊው ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራዬ ቶርኖ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጋራዦቹ መሐል፣ አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ። የባጃጅ አክስ፣ የወፍጮ ቡሽ፣ የውኃ ፓምፕ ዘንግ፣ አንዳንዴም የጣና ጀልባ ፕሮፔለር ዘንግ እሠራለሁ። የመጣውን እቀበላለሁ። ሥራው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መቆም ነው።

ሕመሙ ግን የጀመረኝ ከእግሬ ነው። ከጊዮርጊስ ተነሥቼ የሐይቁን ዳር ይዤ ትንሽ እንደተራመድኩ ሁለቱም እግሮቼ ይከብዱኛል፣ ይደነዝዙኛል። የሆነ ግንብ ላይ ቁጭ ስል ደግሞ ወዲያው ይለቀኛል። እንደገና ስነሣ እንደገና ይይዘኛል። እናቴ "ወጌሻ ይየው" አለች። ወሰደችኝ። ሰውየው ደግ ሰው ነው። ጫማዬን አስወልቆ የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ነካካ። የትኛው እንደሚሰማኝ የትኛው እንደማይሰማኝ ጠየቀኝ። ከዚያ ቅቤውን ወደ ጎን አደረገና "እማማ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰጂው" አላት። ሁሉም ወጌሻ እንዲህ ቢሆን ስንቱ ሰው በዳነ። የደነዘዘ እግር ያለውን ሰው ወገብ የሚያሽ ወጌሻ ካያችሁ ሽሹ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ፊልም ከማዘዙ በፊት የጠየቀኝ ነገር አስገረመኝ።

"ጋሼ፣ ብስክሌት ይነዳሉ?"

"ባሕር ዳር ሆኖ የማይነዳ አለ እንዴ ዶክተር?"

"ብስክሌቱ ላይ ሆነውስ ያምዎታል?"

"ምንም። ዘንዘልማ ደርሼ እመለሳለሁ። ሱቅ ድረስ በእግሬ መሄድ ነው ያቃተኝ።"

ፈገግ አለ። የደም ሥር ጥበት ቢሆን ኖሮ እግር ሲሠራ በብስክሌትም ያማል አለኝ። ነርቭ ሲጫን ግን ሌላ ነው። መሪውን ይዞ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦይ ይሰፋል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ይጠባል። ለዚያ ነው ቶርኖዬ ላይ ጎንብሼ ቀን ስውል ያላመመኝ፣ ቀና ብዬ ወደ ቤት ስሄድ የሚያመኝ። ፊልሙ ሲነሣም ያለው ሆነ። ከአምስቱ የወገብ አጥንቶች አራተኛዋ በአምስተኛዋ ላይ ወደ ፊት ተንሸራታለች። ቦዩ ተጣቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወገቡን ያመመው ሁሉ ብሎን አያስፈልገውም። አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ነው የሚሻለው። እኔም ወደ ቢላዋው የተላክሁት ኪኒኑም፣ ስፖርቱም፣ መርፌውም ተሞክሮ፣ እግሬ ከመድከም አልመለስ ሲል ነው።

ገንዘቡን በዕቁብ ሞላሁት። ዕጣው ወጥቶለት የነበረ ሰው "አንተ ቅደም፣ እኔ እጠብቃለሁ" ብሎ ለቀቀልኝ። ውለታው አለብኝ። ከገንዘቡ በላይ ያንገላታኝ ወገቤ ላይ የሚገጠመው ዕቃ፣ የብሎኑና የዘንጉ ነገር ነው። ቀጠሮ ይሰጠኛል፣ ልብሴን ቋጥሬ እሄዳለሁ፣ "የእርስዎ ልክ ያለው ዕቃ አልገባም" ተብዬ እመለሳለሁ። ብሎኑ ኖሮ ዘንጉ የለም። ዘንጉ ሲመጣ መፍቻው ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የአንዱ ፋብሪካ መፍቻ የሌላውን ብሎን አይዝም። ይህን ለእኔ ማንም ሊነግረኝ አይገባም፤ በየቀኑ የምኖርበት ጣጣ ነው።

በአንዱ ቀጠሮ ዶክተሩ ከመሳቢያው ናሙና ብሎን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። ኪሴ ውስጥ ካሊፐር አይጠፋም፤ ወዲያው ለካሁት። ውፍረቱ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 45። በጣም ቀሎኝ ነበር። የታይታኒየም ቅይጥ ክብደት ከብረት ብዙም ከግማሽ አይበልጥም። ማግኔት አስጠጋሁበት፤ አልያዘውም። በእርግጥ ማግኔት አለመያዙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንድ ስቴይንለስም አይዝም። ክብደቱ ነው የሚነግርህ።

ጥርሱን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ለብረት የሚሆን ጥርስ አይደለም። ጠለቅ ያለ፣ ስል፣ ዳር ዳሩ የሳሳ ነው። ጫፉ አካባቢ ተራራቅ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ እዚያ የሚይዘው አጥንት ውስጡ ስፖንጅማ ነው። ወደ ራሱ ሲጠጋ ግን ጥርሱ ይቀራረባል፤ እዚያ የሚያልፈው በጠባብና በጠንካራ አጥንት ነው። በአንድ ብሎን ላይ ሁለት ዓይነት ጥርስ፣ ያውም መሸጋገሪያው በእጅ ሲዳሰስ የማይታወቅ። እኔ እንዲህ አድርጌ እቆርጣለሁ ብል ውሸቴን ነው። ራሱ ደግሞ አፉን የከፈተ ኩባያ ቢጤ ሆኖ በየአቅጣጫው ይወዛወዛል። "ላልቷል እንዴ?" አልኩት። ሳቀ። ሆን ተብሎ ነው። ብሎኖቹ በአጥንት ውስጥ እንደየአቅጣጫቸው ይገባሉ፤ በአንድ መስመር አይሰለፉም። ራሱ ስለሚዞር ዘንጉ ሳይገደድ ይተኛበታል። ከዚያ ከላይ ትንሿ ማጥበቂያ ትገባና ሁሉንም ታስራለች። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ የለም። የማጥበቂያዋ መፍቻ የራሱ ልክ አለው። አንዳንዱ ዓይነት ልኩ ሲደርስ ራሷ ቀጭ ብላ ትቆረጣለች። ሠራተኛው በጉልበቱ ከልክ በላይ እንዳያጠብቅ ነው። ባጃጅ ላይም እንዲህ ያለ ዳዶ ቢኖር ስንት ጥርስ ከመላጥ ይተርፍ ነበር።

እንዲህ ያሉ አራት ብሎኖች፣ በግራና በቀኝ ሁለት የ5.5 ሚሊ ሜትር ዘንጎች። ይኸው ነው በወገቤ የገባው። መግቢያቸው በእያንዳንዱ አከርካሪ ጀርባ በግራና በቀኝ ያለች አጭር የአጥንት መተላለፊያ ናት። ሚሊ ሜትሮች ወደ ውስጥ ቢያልፉ የነርቭ ቦይ ነው። በተንቀሳቃሽ ራጅ እያዩ ነው የሚሠሩት።

ይህን ሁሉ አይቼ ሳደንቅ ዶክተሩ "ጋሼ፣ ብረቱን ብዙ አይመኑት። ይሰበራል" አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ሥራዬ ነው። የተሰበረ አክስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ስብራቱን ነው። በአንድ ጊዜ ኃይል የተሰበረ ከሆነ ፊቱ በሙሉ ሻካራ ነው። ደክሞ የተሰበረ ከሆነ ግን ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ ለስለስ ያለና ክብ ክብ መስመር ያለበት ይሆናል። ስንጥቁ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየሄደ የቆየበት ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው አንዲት ጭረት ናት። ታይታኒየም ደግሞ ጭረት ላይ ክፉ ነው። ዶክተሩም ይህን ያውቃል። ዘንጉን ወደ ወገብ ቅርጽ ሲያጎብጡት ደጋግመው ወዲያና ወዲህ አያጥፉትም፤ መታጠፊያው ላይ የሚቀረው ጭረት ዕድሜውን ይቀንሰዋል።

እቤቴ ገብቼ ሒሳብ ሠራሁ። ሰው በቀን 5000 እርምጃ ቢሄድ በዓመት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። የእነዚህ ብረቶች መፈተኛ ደንብ በማሽን ላይ እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ መጫንና መልቀቅ ነው። አካፍሉት። ሦስት ዓመት አይሞላም። በእርግጥ እርምጃ ሁሉ የፈተናውን ያህል አይከብድም፤ በሰውነት ውስጥም ጭነቱን ብረቱ ብቻውን አይሸከምም። ግን ሐሳቡ ገባኝ። ይህ ዕቃ ለዘላለም የተሠራ አይደለም። ጊዜ ለመግዛት የተሠራ ነው። እሽቅድድሙ በሁለት ነገሮች መካከል ነው፤ አጥንቱ ቀድሞ ይገጥማል ወይስ ብረቱ ቀድሞ ይደክማል?

ሶሌታ ሲሞላ አይታችኋል። ከሥሩ የባሕር ዛፍ ድጋፍ ይደረደራል። ሕንፃውን የሚሸከመው ባሕር ዛፉ አይደለም፤ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ነው። የኔም ብሎኖች እንደዚያው ናቸው። ልዩነቱ ድጋፉ አለመነሣቱ ነው። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ብረቱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ካልቆረቆረ፣ ካልላላ፣ ካልመረቀዘ እሱን ለማውጣት ብሎ ጀርባን እንደገና መክፈት ትርፍ የለውም። አንዳንድ የአደጋ ስብራት ላይ አጥንት ሳይጣበቅ በብሎን ብቻ የተያዘ ሲሆን በኋላ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የኔ ግን ያ አይደለም።

እና ዋናው ሥራ የት ነው? ሁለቱ አከርካሪዎች መሐል ነው። የተበላሸችው ዲስክ ተጠርጋ ወጣች። በቦታዋ መሐሉ ክፍት የሆነ ትንሽ ሳጥን ገባ። ሳጥኑ ውስጥ የታጨቀው የራሴ አጥንት ነው። ነርቩን ለማስለቀቅ ከኋላ የነቀሉትን አጥንት ጣሉት ብላችሁ እንዳታስቡ። ፈጭተው መልሰው ሞሉበት። በዚያ ክፍት ቦታ አጥንት ከላይም ከታችም እያደገ ሲገናኝ ሁለቷ አከርካሪ አንድ ትሆናለች። ግማሽ ዓመት፣ አንዳንዴም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሳጥኑ በራጅ አይታይም። የተሠራው ራጅ ከሚያልፈው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፊልሙ ላይ ብሎኖቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ መሐል ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ብቻ አሉ። ነጥቦቹ ሳጥኑ የት እንዳለ እንዲታወቅ የተተከሉ ታንታለም የሚባል ብረት ቁርጥራጮች ናቸው። ፊልሙን ሱቄ መስኮት ላይ ሰቅዬው ነበር። አንዱ ደንበኛ አየና "ይሄ መሐሉ ባዶ ነው፣ በልተውብሃል" አለኝ።

አጥንት ማጣበቅ ከብሎኑ ይቀድማል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በፈረንጆቹ 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ እያንዳንዱ በራሱ ዘዴ፣ አከርካሪን ከአከርካሪ አጣበቁ። በሽታው የጀርባ ቲቢ ነበር። ብሎን የሚባል የለም። አልቢ ከታማሚው ቅልጥም ላይ አጥንት ቆርጦ አከርካሪው ላይ ተከለ። መቁረጫውም ሁለት ጥርስ ጎን ለጎን ያለው የሞተር መጋዝ ነው፤ የሚቆርጠው አጥንትና የሚገባበት ቦይ ልካቸው አንድ እንዲሆን። ይሄን ሰው ሱቄ ባገኘው ሻይ እጋብዘው ነበር።

ከዚያ ብረቱ መጣ። በ1950ዎቹ ሂውስተን ላይ ፖል ሃሪንግተን ፖሊዮ አከርካሪያቸውን ያጣመመባቸውን ልጆች ያክም ነበር። ከላይና ከታች ሜንጦ፣ መሐል የብረት ዘንግ። መጀመሪያ ላይ አጥንቱን ሳያጣብቅ በብረቱ ብቻ ሞከረው። ሜንጦው ይነቀላል፣ ዘንጉ ይሰበራል፣ ጠማማነቱ ይመለሳል። አጥንት ማጣበቁን ሲጨምርበት ነው የጸናው። በ1962 ሥራውን አሳተመ። የኔ ዓይነቱን፣ በአከርካሪው መተላለፊያ የሚገባውን ብሎን፣ በፓሪስ ሬሞን ሮይ ካሚ በ1963 መጠቀም ጀመረ።

ሳጥኑ ደግሞ የመጣው ከፈረስ ነው። ስቀልድ አይደለም። ጆርጅ ባግቢ የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር ሆኖ የአንገት ነርቫቸው ተጭኖ የሚንገዳገዱ ፈረሶችን ለማዳን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ቅርጫት ሠራ። ሲያትል ስሉ የተባለው ስመ ጥር የውድድር ፈረስ ሳይቀር በ2000 ተገጥሞለታል። ለሰው የተሻሻለው ዓይነት በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1996 ነው። ይህን ለአንድ የጋሪ ነጂ ጎረቤቴ ነገርኩት። "ለፈረሴም ይሠራሉ?" አለኝ።

እንግዲህ ትግሉ የአጥንቱ ከሆነ ጉዳዩ ሁሉ ለአጥንቱ ምን ይመቸዋል ነው። ዶክተሩ በመጀመሪያው ቀን የተቆጣው በሲጋራ ላይ ነው። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠባል፣ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። እኔ አላጨስም፤ ግን የጋራዡ ጓደኞቼ ሁሉ ያጨሳሉ። አሁን በሱቄ በር ላይ አይቆሙም። የሕመም ማስታገሻም እንደ አይቡፕሮፌን ያለውን በራሴ እንዳልገዛ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ምግብ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ብሎ ጻፈልኝ። ጊዜው ጾም ነበር። የነፍስ አባቴ "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፣ ብላ" አሉኝ። እናቴ ግን ልቧ አልቆረጠም። ቆሮሶ ጠብሳ ታቀርባለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የባሕር ዳር ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ዓሣው ግን ይጣፍጥ ነበር።

በማግስቱ ነው አስነሥተው ያቆሙኝ። አመመኝ። ግን ያመመኝ ቁስሉ ነው፤ እግሬ ተለቆ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ አልተሳፈርኩም። ባጃጅ እየጠገንኩ እኖራለሁ እንጂ፣ በኮብልስቶን ላይ በተቆረጠ ጀርባ ባጃጅ አይሞከርም። የዘመድ መኪና ለመንኩ። ማንሣትና መጠምዘዝ ለወራት ተከለከልኩ። ከባዱን ሁሉ ረዳቴ ነው የሚያነሣው። ስቅለት ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰው ሲሰግድ እኔ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። አሁን በዝግታ እሰግዳለሁ። የጫማዬን ክርም ራሴ አስራለሁ። ከ33ቱ አከርካሪዎች የሚንቀሳቀሱት 24ቱ ናቸው፤ የተዘጋብኝ በመሐላቸው ያለ አንድ መገጣጠሚያ ነው። ማጎንበሱንም አብዛኛውን የሚሠራው ዳሌ ነው።

ዕዳ የለውም አልልም። አንዱ ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ከላይ ያለችው መገጣጠሚያ ልትደክም ትችላለች። ይህን አውቄ ነው የፈረምኩት። ለዚህ ነው የሆዴንና የጀርባዬን ጡንቻ የሚያጠነክረውን ስፖርት ጠዋት ጠዋት የማልተወው። የቶርኖዬንም እግር በብሎኬት ከፍ አደረግሁት። ድሮ ማድረግ ነበረባቸው የሚሠሩት ሰዎች፤ ቶርኖ ሁሉ ለአጭር ሰው ነው የተሠራው።

የመጨረሻው ራጅ ላይ ዶክተሩ ሁለት ነገር ፈለገ። አንደኛው በብሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጥላ አለ ወይ የሚል ነው። ካለ ላልቷል ማለት ነው። የለም። ሁለተኛው በሁለቱ አከርካሪዎች መሐል አጥንት ተሻግሯል ወይ። ጣቱን አስቀምጦ አሳየኝ። ነጥቦቹ ባሉበት፣ ባዶ በነበረው ላይ፣ ነጣ ያለ ነገር ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። "ይሄ እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ጀርባቸው የጎበጠ ልጆች ያሏቸው ሰዎችም ይጠይቁኛል። የነሱ ጉዳይ ከኔ በጣም ይከብዳል፤ እኔ ልመክራቸው አልችልም። የማውቀውን ግን እነግራቸዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ እንዲህ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ጋና ወደሚገኘው የዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ሆስፒታል ልኳል። እዚያ በጣም የጎበጠውን መጀመሪያ ራሱ ላይ ቀለበት አስረው በክብደት ለሳምንታት ቀስ እያሉ ይስቡታል። ብሎንና ዘንጉ ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ቶሎ ማሳየት ነው። የጀርባ ቲቢ ከሆነ ሳያጎብጥ በፊት በመድኃኒት ይድናል።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ባጃጅ ነጂ አባት መጡ። የሳቸውም እንደኔው ነው፤ ቆመው መሄድ አቅቷቸዋል፣ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ የብሎን ፎቶ ያሳየኛል። "ጋሼ፣ የጀርመኑ ይሻላል የቱርኩ?" ዋጋ አወዳድሯል።

"ብሎኑን ለሐኪሙ ተወው" አልኩት። "አንተ ጠይቅ፤ አጥንቱን በምን ነው የምታጣብቁት? ከራሳቸው ነው የምትወስዱት? ስኳራቸው ተለክቷል? አጥንታቸው ሳስቷል ወይ?"

አባትየው ዝም ብለው ይሰሙናል። ጣታቸው መሐል ኒያላ ይጨሳል።

"አባቴ፣ እሱንስ?" አልኳቸው።

"ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እተወዋለሁ" አሉኝ።

"አሁን ነው የሚተወው፤ በፊትም በኋላም ነው የሚከለከለው።"

ልጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ቀጠሯቸው ከመስቀል በኋላ ነው። ትናንት በሱቄ በር ሲያልፉ አየኋቸው፤ ሲጋራው ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል፣ ግን አልተለኮሰም።